የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቀድሞው ሆሊውድ ሴት ተዋንያን ፎቶግራፎች

ባለፈው እትማችን ስለ ሆሊውድ ተዋናይቷ ግሬታ ጋርቦ ፎቶግራፎች አጭር ጽሑፍ ካወጣን በኋላ የደረሱን ደብዳቤዎች ከጠበቅነው በላይ በርካታ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ስለ ፎቶግራፎቹ አሠራር፣ ስላነሷቸው ባለሙያዎች፣ አንድ ፎቶ በእርግጥ የዘመኑ መሆኑ በምን እንደሚታወቅና እንዴት ሊጠበቅ እንደሚገባው ይጠይቃሉ። ተመሳሳይ የሆኑትን አዋሕደን ከዚህ በታች መልስ ሰጥተናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ1930ዎቹ የተነሡ የሆሊውድ ተዋናዮችን ፎቶግራፍ ስመለከት ፊታቸው ከውስጥ የሚበራ ይመስለኛል። በዛሬዎቹ የተራቀቁ ካሜራዎች የሚነሡ ፎቶዎች ይህን መልክ የማያገኙት ለምንድን ነው? ምስጢሩ ያለው በካሜራው ነው ወይስ በብርሃኑ? (ሀ. መ.)

መልስ፦ ካሜራውም ብርሃኑም ድርሻ አላቸው፤ ትልቁ ድርሻ ግን የብርሃኑ ነው። በ1930ዎቹ በትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች የፖርትሬት (የተዋናዮችን መልክ የሚያነሣ) ክፍል ይሠራበት የነበረው ካሜራ በእግር ላይ የሚቆም፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ አዲስ ፊልም የሚጎርስ ግዙፍ መሣሪያ ሲሆን፣ ኔጋቲቩ (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚታይበት፣ ፎቶው የሚታተምበት ፊልም) 8 በ10 ኢንች፣ ማለትም 20 በ25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ኔጋቲቩ ይህን ያህል ሰፊ በመሆኑ ማጉላት ሳያስፈልግ ከፎቶ ወረቀቱ ጋር ተገጥሞ ይታተማል። ስለዚህ የሽፋሽፍቱም ሆነ የልብሱ ክር ዝርዝር ሳይደበዝዝ ወደ ወረቀቱ ያልፋል፤ ከደማቁ ነጭ እስከ ድፍኑ ጥቁር ባለው መካከልም እጅግ ብዙ የግራጫ ደረጃዎች ይገኛሉ። ቆዳው ከውስጥ የሚበራ መስሎ የሚታይዎት በከፊል ከእነዚህ የግራጫ ደረጃዎች ብዛት የተነሣ ነው።

የፊልሙ ዓይነትም የራሱን ለውጥ አምጥቷል። እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ በስፋት ያገለግል የነበረው ፊልም ቀይ ቀለም የማይሰማው ነበር፤ በእርሱ ላይ ቀይ ከንፈር ጠቁሮ፣ ሰማያዊ ዓይን ደግሞ ነጥቶ ይወጣል። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን የነበሩ ተዋናዮች ከንፈራቸው እንደ ከሰል የጠቆረ መስሎ የሚታየን አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ1920ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ለሁሉም ቀለሞች የሚሰማ ፊልም ሲስፋፋ የፊት ቆዳ በፎቶው ላይ ዓይናችን ከሚያየው ጋር ተቀራረበ፤ ፎቶ አንሺዎቹም ሜካፑን እየቀነሱ በብርሃን መሥራት ቻሉ።

ማርሌን ዲትሪክ በ1930 ወደ ሆሊውድ መጥታ ከዳይሬክተሩ ጆሴፍ ፎን ስተርንበርግ ጋር ለፓራማውንት ኩባንያ ስትሠራ፣ ዋናው መብራት ከፊት ለፊቷ ከፍ ብሎ ወደ ታች እንዲያበራ ይደረግ ነበር። ብርሃኑ ከዚያ ከፍታ ሲወርድ የጉንጯን አጥንት ያጎላዋል፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን በጥላ ያጎደጉደዋል፣ ከአፍንጫዋ ሥርም ቢራቢሮ የምትመስል ትንሽ ጥላ ይጥላል። ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ድረስ ይህን አበራር የቢራቢሮ ብርሃን ወይም የፓራማውንት ብርሃን ይሉታል። ጆርጅ ሃረል የተባለው ፎቶ አንሺ በበኩሉ መብራቱን በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ከተዋናይዋ ራስ በላይ እንደ ልቡ ያዘዋውረው ነበር። ከባድ ሜካፕ ስለማይወድ የቆዳው ወዝ ራሱ ብርሃኑን እንዲመልስ ያደርግ ነበር፤ ሌሎች የሚሸሹትን ጥቁር ጥላም ሆን ብሎ ይፈልገው ነበር። የእርሱን ሥራ ከሌሎቹ የሚለየው፣ በእኔ አመለካከት፣ ይህ የጥላ ድፍረቱ ነው።

ተዋናዮቹም ቢሆኑ ብርሃን እንዴት እንደሚሠራ የማያውቁ አልነበሩም። ካሮል ሎምባርድ በወጣትነቷ በደረሰባት የመኪና አደጋ ግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ቀርቶባት ስለ ነበር፣ የትኛው ብርሃን ጠባሳውን እንደሚደብቅና የትኛው እንደሚያጋልጠው በሚገባ ተምራ ነበር። ክላውዴት ኮልበርት ደግሞ በግራ ጎኗ ካልሆነ መነሣት አትወድም ነበር፤ ፎቶዎቿን ሰብስቦ ለሚያይ ሰው ይህ ወዲያው ይታወቀዋል። በመጨረሻም ያ ፊልም ለብርሃን ዘገምተኛ ስለ ነበር ተዋናይዋ እስትንፋሷን ገታ አድርጋ ሳትነቃነቅ መቆየት ይኖርባት ነበር። በእነዚህ ፎቶዎች ላይ የሚታየው ልዩ እርጋታ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው። ዛሬም ቢሆን ያንኑ ትልቅ ካሜራ፣ ያንኑ መብራትና ያንኑ ትዕግሥት የሚያመጣ ፎቶ አንሺ ተቀራራቢ ውጤት ያገኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ «ያኔ ፎቶሾፕ ስላልነበረ የምናየው እውነተኛ ውበት ነው» ትለኛለች። እኔ ግን ይህን ለመቀበል ይቸግረኛል። ማናችን ነን ትክክል? (ወ/ሮ ት.)

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ኮምፒውተር አልነበረም እንጂ ፎቶን ማረም ከመጀመሪያው ጀምሮ የኩባንያዎቹ የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር። በ1931 ጆርጅ ሃረል ያነሣው የጆአን ክሮፎርድ ፎቶግራፍ ያልታረመው ከታረመው ጋር ጎን ለጎን ታትሞ በብዙ ቦታ ይገኛል። ባልታረመው ላይ ፊቷ፣ አንገቷና ትከሻዋ በጠቃጠቆ የተሞላ ሲሆን፣ ከዓይኖቿ ዙሪያም የቆዳ መስመሮች ይታያሉ። በታረመው ላይ አንዱም የለም፤ የቀረው ለስላሳ ሐውልት ነው።

ሥራው የሚሠራው በእጅ ነበር። አራሚው ኔጋቲቩን ከበስተኋላው በሚበራ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ በጣም በሾለ እርሳስ ብርሃን በሚይዘው ሽፋን ላይ እጅግ ጥቃቅን ነጥቦችን ያሳርፋል። በወረቀት ላይ ጠቁሮ የሚታየው ጠቃጠቆ ወይም ሽብሽባት በኔጋቲቩ ላይ ሳስቶ የሚታይ ቦታ ስለሆነ፣ ያን ቦታ በእርሳስ ሲሞሉት በታተመው ፎቶ ላይ ይነጣና ከአካባቢው ጋር ይመሳሰላል። በተቃራኒው አንድን ቦታ ማጥቆር ሲፈለግ ሽፋኑ በስለታም ቢላዋ በጥንቃቄ ይፋቃል፤ አንዴ የተፋቀው ደግሞ አይመለስም። አንድን ፊት ለማጽዳት ሰዓታት ይፈጅ ነበር፤ የኔጋቲቩ ስፋት ለዚህም ሥራ ያገለገለ ይመስለኛል፤ እንደዚህ ያለውን ሥራ በትንሽ ፊልም ላይ መሥራት ከባድ ነውና።

እርማቱ ከወረቀትም አልፎ ወደ ሰውነት የደረሰበት ጊዜ ነበር። ማርጋሪታ ካንሲኖ የተባለችው ወጣት ዳንሰኛ ሪታ ሄይዎርዝ ተብላ ስትወጣ ስሟ ተቀይሮ፣ ጸጉሯ ቀልቶ፣ የግንባሯም የጸጉር መስመር በኤሌክትሪክ ተነቅሎ ወደ ኋላ እንዲሸሽ ተደርጓል። ስለዚህ ልጅዎ በዚህ ነጥብ አልተሳካላትም። ነገር ግን ፎቶዎቹን ሐሰት ናቸው ብሎ መጣልም ትክክል አይመስለኝም። ዓይናቸው ውስጥ ያለውን ሐሳብ፣ የአንገታቸውን አያያዝ፣ ካሜራውን የሚገጥሙበትን ድፍረት ማንም በእርሳስ ሊሥለው አይችልም። ለልጅዎ የክሮፎርድን ሁለት ፎቶዎች አጠገብ ለአጠገብ ያሳዩአት፤ ጠቃጠቆው ያለበት የበለጠ ሊማርካት ይችላል፤ እኔን ማርኮኛልና።

ጥያቄ፦ የተዋናዮቹ ስም በሁሉም ፎቶ ሥር ተጽፎ አገኛለሁ። ያነሷቸው ሰዎች ስም ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ አይጻፍም። እነማን ነበሩ? (ዳ. ኃ.)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በመጠየቅዎ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ፎቶዎቹን ከሚወዱት መካከል እንኳ ብዙዎቹ አይጠይቁትም። ፎቶ አንሺዎቹ የኩባንያዎቹ ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ያነሡት ፎቶ የኩባንያው ንብረት ነው፤ የማስታወቂያ ክፍሉም ፎቶውን በነጻ ለጋዜጦችና ለመጽሔቶች ሲያድል የሚፈልገው የተዋናይዋና የፊልሙ ስም እንዲታተም ነበር። የአንሺው ስም ቢኖር እንኳ በፎቶው ጀርባ በማህተም ይቀራል፤ አንባቢው ዘንድ አይደርስም።

ከሁሉ በፊት ሩት ሃሪየት ሉዊዝን ላንሣ። በ1925፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለች፣ የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የፖርትሬት ክፍል ኃላፊ ሆነች፤ በትልልቆቹ ኩባንያዎች ውስጥ ይህን ሥራ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ጋርቦ ከስዊድን በመጣችበት ዘመን በአሜሪካ የተነሣቻቸውን ፖርትሬቶች በብዛት ያነሣቻት እርሷ ናት። በ1930 ሥራውን ለቀቀች፤ በ1940 ገና በወጣትነቷ ሞተች፤ ስሟም ለረጅም ጊዜ ተረሳ። ከእርሷ በኋላ ጋርቦን እስከ መጨረሻ ፊልሟ እስከ 1941 ድረስ በቋሚነት ያነሣት የዚያው ኩባንያ ባልደረባ ክላረንስ ሲንክሌር ቡል ነው። ሃረል ወደዚህ ኩባንያ የገባበት መንገድ ደግሞ የፎቶግራፍን ኃይል ያሳያል። ኖርማ ሺረር አንድ ደፋር ገጸ ባሕርይ ለመጫወት ስትፈልግ፣ የኩባንያው ሹም የነበረው ባሏ ኧርቪንግ ታልበርግ ሚናው ለእርሷ የሚስማማ አልመሰለውም። እርሷም ወደ ሃረል ስቱዲዮ ሄዳ ማንም አይቷት በማያውቅ መልክ ተነሣችና ፎቶዎቹን አሳየችው። ሚናውን አገኘች፤ በ1930ም በዚሁ ፊልም ኦስካር ተሸለመች፤ ሃረልም ተቀጠረ። በፓራማውንት ዩጂን ሮበርት ሪቺ ነበር፤ ሉዊዝ ብሩክስ ጥቁር ልብስ ለብሳ ረጅም የዕንቁ ሐብል አንጠልጥላ የተነሣችውን በ1928 የወጣ ዝነኛ ፎቶ ያነሣው እርሱ ነው። በአርኬኦ ኩባንያ ኧርነስት ባክራክ ካትሪን ሄፕበርንን፣ በኮሎምቢያ ሮበርት ኮበርን ሪታ ሄይዎርዝን አንሥተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች በየሰፈራቸው የለጠፉትን፣ ቤቲ ግሬብል ጀርባዋን ሰጥታ በትከሻዋ ላይ ዞራ የምትታይበትን ፎቶ ያነሣው ደግሞ ፍራንክ ፓውልኒ ነው።

ስማቸው ዛሬ ሊታወቅ የቻለው በአብዛኛው ጆን ኮባል በተባለ ሰብሳቢ ትጋት ነው። ኩባንያዎቹ በ1960ዎቹ አሮጌ ኔጋቲቭና ፎቶዎቻቸውን እንደ ቆሻሻ በሚጥሉበት ጊዜ እርሱ ይሰበስብ ነበር። ሰብስቦም አላበቃም፤ በሕይወት የነበሩትን ፎቶ አንሺዎች እየፈለገ አነጋግሯቸዋል፣ ከቀድሞ ኔጋቲቮቻቸው እንደገና እንዲያትሙም ገፋፍቷቸዋል። በ1974 በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ኤግዚቢሽን እንዲዘጋጅ ያደረገው እርሱ ነው። ሆኖም ችግሩ ጨርሶ አልተወገደም። በግንቦት 2022 አንዲ ዋርሆል የሣለው የማሪሊን ሞንሮ ፊት በኒው ዮርክ ጨረታ 195 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ዓለም ሁሉ ስለ ሠዓሊው አወራ። ሥዕሉ የተሠራው በ1953 ለወጣ የሞንሮ ፊልም ማስታወቂያ ከተነሣ ፎቶ ላይ ነው፤ በዚያ ሁሉ ወሬ መካከል ግን ካሜራውን የያዘውን ሰው ስም ያነሣ እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ በመጻሕፍትም በኤግዚቢሽንም የሚታዩት ፎቶዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የነጭ ሴቶች ናቸው። በዚያ ዘመን ሌሎች ተዋናዮች አልነበሩም? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ነበሩ፤ የተሰጣቸው ቦታ ግን ጠባብ ነበር። በ1905 በሎስ አንጀለስ የተወለደችው ቻይናዊት አሜሪካዊት አና ሜይ ዎንግ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ እጅግ ውብ ሆነው ከተነሡት አንዷ ናት፤ ሪቺም ሃረልም ካርል ቫን ቬክተንም አንሥተዋታል። ይሁን እንጂ የኩባንያዎቹ የሥነ ምግባር ደንብ የተለያየ ዘር ባላቸው ሰዎች መካከል ፍቅር እንዲታይ ስለማይፈቅድ፣ ከነጭ ተዋናይ ጋር የፍቅር ሚና ልታገኝ አትችልም ነበር። በ1937 ስለ ቻይና ገበሬዎች የተሠራ ትልቅ ፊልም ሲወጣ እንኳ የቻይናዊቷ ሚስት ሚና ለአውሮፓዊቷ ሉዊዝ ራይነር ተሰጥቶ እርሷ ኦስካር ተሸለመችበት። የዎንግን ፎቶዎች ስታዩ ይህን አስቡ፤ በፊልም የተከለከለችውን መሪ ሚና በፎቶው ፊት ትጫወተዋለች።

ሊና ሆርን በ1942 ከሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ጋር ውል ፈርማለች፤ እንደማንኛዋም ኮከብ በሚያምር ልብስና በሚያምር ብርሃን ተነሥታለች። የምትታይባቸው የፊልም ክፍሎች ግን በአብዛኛው ከታሪኩ ተነጥለው እንዲቆሙ ተደርገው ይሠሩ ነበር፤ በደቡባዊ ግዛቶች ያሉ ሲኒማ ቤቶች ቆርጠው እንዲያወጡት ነው። ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 ኦስካር የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይት ስትሆን፣ በዚያው ምሽት የተቀመጠችው ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተነጥላ በሌላ ጠረጴዛ ነበር። ዶሮቲ ዳንድሪጅ በ1954 በወጣ ሙዚቃዊ ፊልም ለዋና ተዋናይት ኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የላይፍ መጽሔት የሽፋን ፎቶ ሆና ወጥታለች። ስብስብ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ ከእነዚህ አራት ሴቶች ፎቶ ጀምር እለዋለሁ፤ የተነሡበት ብርሃን ከጋርቦም ከዲትሪክም ብርሃን አያንስም።

ጥያቄ፦ የዲትሪክ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ አንድ ፎቶ አለኝ። ሻጩ የ1930ዎቹ ነው ብሎኛል። እውነት መሆኑን በምን ላረጋግጥ? (ፍ. ገ.)

መልስ፦ መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ፎቶው የተነሣበት ዘመን አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱ የታተመበት ዘመን ሌላ ነው። በ1932 የተነሣ ኔጋቲቭ በ1932ም በ1980ም ሊታተም ይችላል። ሰብሳቢዎች የዘመኑ ኅትመት የሚሉት ከኔጋቲቩ ጋር በተቀራረበ ጊዜ የታተመውን ብቻ ነው፤ የዋጋው ልዩነትም እጅግ ሰፊ ነው። ሻጩ «የ1930ዎቹ» ሲልዎ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቁት።

ከዚያ ፎቶውን ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ጀርባው ከፊቱ የበለጠ ይናገራል። የኩባንያው ወይም የፎቶ አንሺው ማህተም፣ የጋዜጣ መዝገብ ቤት የቀን ማህተም፣ በጽሕፈት መኪና ተጽፎ የተለጠፈ የማስታወቂያ ክፍሉ መግለጫ፣ በኤዲተር እጅ የተጻፈ የመጠን ምልክት፣ እነዚህ ሁሉ ፎቶው የት እንደ ነበረና መቼ እንዳገለገለ ይመሰክራሉ። ከፊልም ትዕይንት የተወሰደ ፎቶ ከሆነ በታችኛው ጥግ ላይ የፊልሙን መለያና የፎቶውን ተራ የሚያሳይ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ይሁን እንጂ ማህተም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ማህተም በቀላሉ ይሠራልና።

ወረቀቱን ደግሞ በጥንቃቄ ይመርምሩ። ከባዶ ዓይን የተሻለ የሚረዳዎት አጉሊ መነጽር ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ምስሉ ከእኩል ረድፍ ነጥቦች የተሠራ ከሆነ በማተሚያ ማሽን የወጣ ሥዕል እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም። ፎቶግራፍ ሆኖ ዝርዝሩ የደበዘዘ፣ ነጩ ባዶ፣ ጥቁሩ ድፍን ከሆነ ከሌላ ፎቶ ላይ እንደገና ተነሥቶ የተባዛ ሊሆን ይችላል። ላዩና ጀርባው የፕላስቲክ ስሜት ያለው ወረቀት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣ ስለሆነ የዲትሪክ የወጣትነት ዘመን ኅትመት ሊሆን አይችልም። በጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ያብሩት፤ ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ፣ ከ1950ዎቹ ወዲህ በፎቶ ወረቀት ላይ ይጨመር የጀመረ ማንጫ ኬሚካል አለበት ማለት ነው። ካላበራ ግን አሮጌ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ከዚያ ወዲህም ያለ ማንጫ የተሠሩ ወረቀቶች አሉና። በጥቁሮቹ ቦታዎች ጠርዝ ላይ ፎቶውን ዘንበል ሲያደርጉት እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ብርማ ሽፋን ካዩ ይህ በዕድሜ ብዛት ብሩ ወደ ላይ ሲወጣ የሚፈጠር ምልክት ነው፤ ሐሰተኞች በቀላሉ ሊያስመስሉት አይችሉም። እኔ በዚህ ምልክት ላይ ከማህተም ይልቅ እተማመናለሁ።

ጥያቄ፦ የጂን ሃርሎ ፊርማ ያለበት ፎቶ ለመግዛት አስቤአለሁ። ምክርዎ ምንድን ነው? (ብ. አ.)

መልስ፦ ፊርማውን እንደሌለ ቆጥረው ፎቶው ለብቻው የሚያወጣውን ብቻ ይክፈሉ። ኩባንያዎቹ ለአድናቂዎች የሚልኩትን ፎቶ የሚፈርሙት በአብዛኛው የቢሮ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ አንዳንዱም ፊርማ ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ ነው። የሃርሎ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በ1937 በ26 ዓመቷ የሞተችው ይህች ተዋናይት ተጠይቃ የሚላከውን ፎቶ በብዛት ትፈርምላት የነበረችው እናቷ መሆኗ በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በገለልተኛ የፊርማ ባለሙያ ያልተመረመረ የሃርሎ ፊርማ ላይ ገንዘብ ማውጣት አልመክርዎትም። የሃረል ፊርማ ያለበትን ፎቶ በተመለከተም ይጠንቀቁ፤ ፊርማው የእርሱ ቢሆንም በስተርጅናው፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ እንደገና አትሞ የፈረማቸው ስላሉ ፎቶው የ1930ዎቹ ኅትመት ነው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከእነዚህ ፎቶዎች አንዱን በምጽፈው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልገኛል? (ደራሲ)

መልስ፦ በአሜሪካ ሕግ መሠረት ነገሩ የሚወሰነው ፎቶው በታተመበት ጊዜና ሁኔታ ነው። ከታተመ 95 ዓመት የሞላው ፎቶ ዓመቱ ሲያልቅ የሕዝብ ሀብት ይሆናል። እስከ 1977 መጨረሻ ድረስ ያለ ቅጂ መብት ማስታወቂያ የታተመ ፎቶ ጥበቃውን አጥቷል፤ ለጋዜጦች በነጻ የታደሉት የማስታወቂያ ፎቶዎች ብዙዎቹ በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። የቅጂ መብት ማስታወቂያው ቢኖረውም እስከ 1963 የታተመው በ28ኛው ዓመት መብቱ ካልታደሰለት እንዲሁ ነጻ ነው። ይህን ለማጣራት የፎቶውን የመጀመሪያ ኅትመት ጀርባና ፊት ማየት ያስፈልጋል፤ በኢንተርኔት የተገኘ ቅጂ አይበቃም።

ሁለተኛው ጉዳይ የተዋናይዋ የራሷ መልክ መብት ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ ይህ መብት ከሞት በኋላ ለ70 ዓመት ለወራሾች ይቆያል፤ ይሁን እንጂ የሚመለከተው በተለይ የንግድ ዕቃንና ማስታወቂያን ነው። ማሪሊን ሞንሮ በ1962 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ብትሞትም፣ ወራሾቿ ለግብር ጉዳይ ነዋሪነቷ የኒው ዮርክ ነበር ብለው ስለ ነበር በ2012 የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን መብት ሊጠይቁ እንደማይችሉ ወስኗል። ለማንኛውም መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፤ የፎቶ አንሺውን ስም ደግሞ ሕግ ባያስገድድዎትም በሽፋኑ ጀርባ ላይ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ጥቂት አሮጌ ፎቶዎችና በአንድ ፖስታ የታሸጉ ኔጋቲቮች አሉኝ። ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ቀለም ላስቀባቸው አስቤ ነበር፤ አቀማመጣቸውንም ቢነግሩኝ። (ሰብሳቢ)

መልስ፦ በቅጂያቸው ላይ የፈለጉትን ቀለም ቢቀቡ ዋናው አይጎዳም፤ እኔ ግን አልወደውም። ፎቶ አንሺው ከንፈሩን፣ ልብሱንና መጋረጃውን የመረጠው በግራጫ ምን ሆኖ እንደሚወጣ አስቦ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያለብሰው ቀለም ግምት ከመሆኑም በላይ ያንን ብርሃን ያፈዝዘዋል። ቀለም ከቀቡ በኋላ ለሌሎች ሲያሳዩ ቀለሙ በኋላ የተጨመረ መሆኑን ይግለጹ።

ፎቶዎቹን በንጹሕ እጅ ጠርዛቸውን ብቻ ይያዙ። እያንዳንዱን በፖሊስተር ማኅደር ወይም ከአሲድ ነጻ በሆነ ወረቀት ለይተው ያስቀምጡ፤ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክና ሙጫ ያለበት አልበም ያበላሻቸዋል። ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ይምረጡ፤ የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ግድግዳ ላይ መስቀል ከፈለጉ ቅጂውን ይስቀሉ። በጀርባው መጻፍ ሲኖርብዎት በለስላሳ እርሳስ በጠርዙ ላይ ቀስ ብለው ይጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ይሰርጋል። የተለጠፈውን የኩባንያ መግለጫ ቢቀደድም አይላጡት።

ኔጋቲቮቹን ግን ዛሬውኑ ይመልከቱ። ጠርዛቸው ላይ በእንግሊዝኛ «ሴፍቲ» (SAFETY) የሚል ቃል ካለ ብዙ አያስጉም። ከሌለና ቢጫ የሆኑ፣ የሚያጣብቁ ወይም ኃይለኛ ሽታ ያላቸው ከሆኑ ናይትሬት ፊልም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ ፊልም በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ከተቀጣጠለ በኋላም የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ከራሱ ስለሚያገኝ በውሃ አይጠፋም። ኢስትማን ኮዳክ ይህን ፊልም ማምረት ያቆመው በ1951 ገደማ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተነሣ ኔጋቲቭ ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል። አየር በማያስገባ ዕቃ አያሽጓቸው፣ ከሙቀት ያርቋቸው፣ ከፎቶዎቹም ይለዩአቸው፤ ከዚያም ስለ ፊልም ጥበቃ የሚያውቅ መዝገብ ቤት ወይም ቤተ መዘክር ያነጋግሩ፤ በፖስታ ቤት በኩል ግን አይላኩ።